ማሕሌት በፒያኖ ይቆማል?

የታኅሣሥ ወር ሲጋመስ የአዲስ አበባ፣ የባሕር ዳርና የጎንደር መደብሮችና ካፌዎች አንድ ዓይነት ሙዚቃ ይከፍታሉ። በረዶ፣ ቃጭልና በጋሪ የሚመጣ ነጭ ጢም ያለው ሽማግሌ የሚወደሱበት የፈረንጅ የገና ዘፈን ነው። እዚህ በቋራ ቆላ፣ ገለጉ ላይ፣ ሰሊጡ ታጭዶ በተነሣ ማግሥት እንኳ ቀትሩ እንደ ምድጃ በሚፋጅበት አገር፣ ያው የበረዶ ዘፈን ከሻይ ቤት ድምፅ ማጉያ ሲወጣ መስማት ፈገግ ያሰኛል። የሚቀየመው ሰው ግን የለም። ትርጉሙንም የሚጠይቅ የለም። የገና ምልክት ሆኖ ተለመደ፣ በቃ።

ለመሆኑ የገናን ሌሊት ቆሞ በዜማ የሚያነጋ ሕዝብ፣ ከቅዳሴ ወጥቶ ቤቱ ሲገባ የሚያዳምጠው፣ በሙዚቃ ትምህርት የበሰለ ሰው ከራሱ ዜማ ቀድቶ የሠራው ሥራ የለውም ወይ? «መዝሙሩስ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። መዝሙር ከካሴት ዘመን ጀምሮ ሞልቷል፤ ከመካከሉም ዕንባ የሚያስመጣ አለ። እኔ የምለው ሌላ ነው። የአውሮፓን ክላሲካል ሙዚቃም የያሬድን ዜማም ተምሮ፣ ሁለቱን በአንድ መሣሪያ ላይ አገናኝቶ በሸክላ ያስቀረ ሰው ማለቴ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ነበረን። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ናቸው።

ወደ እሳቸው ከማለፌ በፊት ፈረንጆቹ ነገሩን እንዴት እንደሚያደርጉት አንድ ምሳሌ ላምጣ። በምዕራቡ ዓለም የገና አልበም ራሱን የቻለ ገበያ ነው። ዘፋኝ ስም ካወጣ አሳታሚው የገና አልበም ያሠራዋል፤ በየዓመቱ ወቅቱ ሲደርስ ይሸጣላ! የዌልሷ ሻርሎት ቸርች እ.ኤ.አ. በ1986 ተወልዳ፣ የመጀመሪያ አልበሟን በ1998 አውጥታ፣ «ድሪም ኤ ድሪም» የተባለውን የገና አልበሟን በ2000 ስታወጣ ገና 14 ዓመቷ ነበር። የአልበሙ መጠሪያ የሆነው ዘፈን ፈረንሳዊው ጋብሪኤል ፎሬ በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ግድም በደረሰው «ፓቫን» ላይ የተመሠረተ ነው። አብሯት የሚዘፍነውም ከእሷ የሚያንስ አሜሪካዊ ልጅ፣ ቢሊ ጊልማን ነው። የልጅቷ ድምፅ የጠራ ነው፤ ይህን መካድ ንፉግነት ይሆናል። ግን በዙሪያው የተነጠፈው ኦርኬስትራ ልክ እንደ ወፍራም ፍራሽ ነው፤ ድምፁ የትም ቢወድቅ አይጎዳም፣ የትም ቢነሣ አይደክምም። ስለ ግርግምና ስለ ብርድ የሚዘፍን ድምፅ አንዴ እንኳ ሳይበርደው አልበሙ ያልቃል። ዘፋኟ አድጋ እ.ኤ.አ. በ2011 የእንግሊዝን ጋዜጦች አሠራር ለመረመረው ጉባኤ በሰጠችው ቃል፣ በዚያ የልጅነት ዝና ዘመን ፕሬሱ እንዴት እንዳሳደዳት ተናግራለች። ከዚያ ወዲያ ያንን አልበም የሚሰማ ሰው ጆሮው ትንሽ ይለወጣል።

አሁን ወደኛዋ እንመለስ። የውብዳር ገብሩ በታኅሣሥ 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው በጎንደር ከንቲባነታቸው የሚታወቁት ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው፤ እኅታቸውም ደራሲዋና የፓርላማ አባሏ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ። በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ ጀመሩ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው አዚናራ ደሴት ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ ካይሮ ወርደው ከፖላንዳዊው የቫዮሊን መምህር ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ተማሩ። ለንደን ሄዶ የመማር ዕድል ቀርቦላቸው ነበር፤ ሳይፈቀድ ቀረ። ልባቸው ተሰበረ፣ ግሸን ማርያም ገቡ፣ መነኮሱ፣ ዐሥር ዓመት ያህል እዚያ ቆዩ። ይህን ታሪክ ብዙ ሰው ሰምቶታል፤ የውጭ ጋዜጦችም ሙዚቃውን ትተው እስኪሰለች ድረስ የሚደጋግሙት ይህንኑ ነው።

እምብዛም የማይነሣው የጎንደሩ ቆይታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጎንደር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ያጠኑ ነበር። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ በየዕለቱ በደጀ ሰላሙ የሚያድሩ፣ ለምነው የሚበሉ የዜማ ተማሪዎችን ያዩ ነበር። የሚሰጣቸው ገንዘብ ስላልነበራቸው በሙዚቃቸው ሊረዷቸው ቆረጡ። በ1967 ጀርመን አገር ያሳተሙት ሸክላ ገቢው ለችግረኛ ልጆች የዋለው በዚህ መንፈስ ነው። ለእኔ ግን ከበጎ አድራጎቱ ይልቅ ትምህርቱ ይበልጥብኛል። ጎንደር የአቋቋም አገር ነው፤ በአታ የአቋቋም ምስክር ቤት ነው። የድጓው ምስክር ቤትም ሩቅ አይደለም፤ ጋይንት ውስጥ ነው፣ ስሙም ቤተልሔም ይባላል። አንዲት አውሮፓ የተማረች ፒያኖ ተጫዋች መነኩሲት በዚህ አገር ተቀምጣ ጆሮዋን ስትሰጥ ምን ይዛ ትወጣለች? መልሱ እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣው «የኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን» በተሰኘው ሸክላ ላይ አለ። በኢየሩሳሌም አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ የተቀዳ ነው። ለብዙ ዘመን የትም ሳይገኝ ቆይቶ በ2025 ሚሲሲፒ ሪከርድስ የተባለ የአሜሪካ አሳታሚ እንደገና አወጣው።

በውስጡ ብዙ ነገር አለ። ፒያኖ ብቻ አይደለም፣ ሃርሞኒየምም ኦርጋንም አለበት። መስከረምን የሚያወድስ አለ፤ ማዕበል የሚል ርዕስ የያዘ አለ፤ «አቬ ማሪያ»ም አለ። «አቬ ማሪያ» ላይ የፒያኖው ድምፅ በድንጋዩ ግድግዳ ላይ እየነጠረ ሲመለስ ያምራል፤ ይሁንና ውበቱ የግድግዳው ይመስለኛል። ለዚህ ጽሑፍ ያነሣሣኝ አንዱ ነው፤ ርዕሱን ወደ አማርኛ ብመልሰው «ሙከራ በማሕሌት ላይ» የሚል ይሆናል። ሙከራ ብለውታል፤ ቃሉን በከንቱ የመረጡት አይመስለኝም። ምክንያቱም የሚሞክሩት ነገር በተፈጥሮው የማይሆን ነው።

ለምን አይሆንም? ማሕሌት ይቆማል እንጂ አይደመጥም። «ማሕሌት ቆምኩ» ነው የምንለው፤ «ማሕሌት ሰማሁ» የሚል ሰው ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ እንቅልፍ አሸንፎት ጥግ ይዟል። ዜማው በመቋሚያ ይዘመማል፣ በጸናጽል ይመታል፣ ከበሮው እየፈጠነ እየፈጠነ ሄዶ እግርን ከመሬት ያነሣል። ቀኝና ግራ ሆነው ይቀባበሉታል። ላሊበላ ላይ ታኅሣሥ 29 ንጋት በቤተ ማርያም ዙሪያ የሚዘመረውን ቤዛ ኩሉ ያየ ሰው ይህን ለማስረዳት ቃል አይፈልግም። ከፊሉ ካህናት ከዓለቱ አፋፍ፣ ከፊሉ ከታች ከግቢው ሆነው ይመላለሱታል፤ በመካከላቸው ያለው የድንጋይ ገደል ራሱ እንደ መሣሪያ ያገለግላል። ያንን በመቅረጫ ይዞ ቤት የገባ ሰው የያዘው ጩኸት ብቻ ነው፤ ገደሉ ላሊበላ ቀርቷል።

በዚያ ላይ ፒያኖ ለያሬድ ዜማ የተሠራ ዕቃ አይደለም። የዜማው ምልክቶች፣ ይዘቱ፣ ደፋቱ፣ ሂደቱ፣ ርክርኩ፣ ድምፅ ከድምፅ ወደ ድምፅ ሲንሸራተት፣ ሲንቀጠቀጥ፣ ተይዞ ሲቆይ የሚያሳዩ ናቸው። ፒያኖ አይንሸራተትም፤ በሁለት ቁልፎች መካከል ምንም የለውም። ድምፅ ይዞም አይቆይም፤ መዶሻው እንደመታ ድምፁ መሞት ይጀምራል። አንድ መሪጌታ በአንድ ቃል ላይ የሚቆይበትን ያህል ፒያኖ መቆየት ቢፈልግ ባዶ አየር ይዞ ይቀራል። ብልጠት የወደደ ሙዚቀኛ ቢሆን ይህን ጉድለት በአጃቢ ይሸፍነው ነበር። ከበሮ ያስገባ ነበር፣ የመዘምራን ድምፅ ከኋላ ያነጥፍ ነበር፤ ያ የነገርኳችሁ ፍራሽ ይመጣ ነበር ማለት ነው።

እማሆይ ፍራሹን አላነጠፉም። ድምፁን አንድ በአንድ ያወጡታል። የሚቆጠር ምት የለም። የማይንሸራተተውን ቁልፍ ለማንሸራተት ከዋናው ድምፅ በፊት ትናንሽ ድምፆችን እንደ ቆሎ በትን ያደርጓቸዋል፤ ርክርኩ ወደዚያ ገብቷል ብዬ አምናለሁ። ድምፁ ሲሞትም አይሯሯጡም። ይጠብቁታል። እስኪሞት ድረስ ጠብቀው ሌላውን ያመጣሉ። በማሕሌት ውስጥ ከበሮው ከመግባቱ በፊት፣ አንዱ ብቻውን ዜማውን የሚያነሣበት፣ ሌላው መቋሚያውን ተደግፎ ዓይኑን የሚጨፍንበት ሰዓት አለ። የሌሊቱ ሰባት፣ ስምንት ሰዓት ግድም መሆኑ ነው። ያቺን ሰዓት ብቻ ነው የወሰዱት። ወረቡን፣ ጭብጨባውን፣ እልልታውን ለባለቤቱ ትተውለታል።

አንዳንድ የውጭ አድማጮች ይህን አጨዋወት ሲሰሙ ከጃዝ ወይም ከብሉዝ ጋር ያዛምዱታል። በቅንነት ያሉት ነው፤ ጆሯቸው የሚያውቀውን ነው የሚያገኘው። እኛ ግን ሌላ ጆሮ አለን። ትዝታንና ባቲን፣ ከዚያም በላይ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይን ሳናውቀው ከእናታችን ጀርባ ላይ ሆነን ሰምተናል። ይህን ሸክላ ለመተቸት ከኛ የተሻለ የሚችል የለም። የሚገርመው፣ እስከ ዛሬ በአማርኛ ስለ ሕይወታቸው እንጂ ስለ ጣቶቻቸው የተጻፈ እምብዛም አለማየቴ ነው።

የድምፃቸው ነገርስ? ይህ ለብቻው የሚነሣ ነው። እማሆይ በፒያኖ እንጂ በዘፋኝነት አይታወቁም ነበር። እሳቸው መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ላይ ካረፉ በኋላ ግን፣ በየካቲት 2016 ዓ.ም. «ሱቬኒርስ» የተባለ አልበም ወጣ። በደርግ ዘመን፣ አዲስ አበባ ቤታቸው ውስጥ ፒያኖ እየመቱ በአማርኛ የዘፈኗቸው ናቸው። በስቱዲዮ የተቀዱ አይደሉም፤ ተራ ቴፕ ሪኮርደር ፊት ነው። ከመስኮት ውጭ ወፍ ይሰማል። የወንበሩ ሲጢጥ ማለት ይሰማል። የመቅጃው ቁልፍ ሲጫን ይሰማል።

ድምፁ ያልተገራ፣ ቀጭን ድምፅ ነው። ሻርሎት ቸርችን ያሠለጠኑ መምህራን ቢሰሙት ከበር ይመልሱት ነበር። ቡና እየቆላች ለራሷ የምታንጎራጉር ሴት ድምፅ ነው ማለት ይቀላል። አንዳንዴ ዜማው ላይ ለመድረስ ይንጠራራል፣ አንዳንዴ ፒያኖው ቀድሞት ይሄዳል። በእኔ ግምት ከአልበሙ ሁሉ ደካማው ነገር ዘፈኖቹ እርስ በርስ መመሳሰላቸው ነው፤ በአንድ መቀመጫ ሁሉንም መስማት ያታክታል። ግን አንዱ አለ፤ ሩቅ አገር ያለን ሰው በሚኖርበት ምድር ፀሐይ ነው ወይስ ደመና እያሉ የሚጠይቁበት። ያኔ ሲዘፍኑት አገር ሊለቁ የቀሯቸው ዓመታት ጥቂት ነበሩ፤ በ1984 እ.ኤ.አ. ኢየሩሳሌም ገብተው እስከ ዕለተ ሞታቸው እዚያው ደብረ ገነት ቆዩ። ከመሄዳቸው በፊት የናፈቁ ሰው ናቸው ማለት ነው።

ይህ ዘፈን እዚህ ቆላው ላይ የሚሰማበት ጆሮ ሌላ ነው። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሱዳንን ጦርነት የሸሸ ሰው በመተማ በኩል ሲገባ ያየ አገር ነው። ከደጋ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ ገናን ከቤቱ ውጭ የሚውለው የቀን ሠራተኛ አገርም ነው። ገና ማለት ለእነዚህ ሰዎች፣ እዚያ ማዶ ሰማዩ ምን ይመስል ይሆን የሚባልበት ቀን ነው። ድምፁ የተገራ ቢሆን ኖሮ ጥያቄው ጥያቄ መሆኑ ይቀርና የሙዚቃ ትርኢት ይሆን ነበር።

አልበሙ በወጣበት በየካቲት 2016 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ ወራት አልፈውት ነበር። ስለዚህ የጎንደሩ ከንቲባ ልጅ በአማርኛ የዘፈኑትን ቺካጎና ቶኪዮ ከጎንደር ቀድመው ሰሙት። ሸክላውማ ተዉት፤ ማጫወቻውስ የታለ? መስመሩ ከተመለሰ በኋላ ግን ሰበብ የለም። እዚህ ገለጉ ዘፈን በስልክ ሜሞሪ ላይ የሚጭኑ ወጣቶች አሉ፤ የሱዳኑም የጎጃሙም የጥምቀቱም የሰርጉም በየፎልደሩ ተደርድሯል። በገና ሰሞን ሁለቱን አልበሞች ይዤ ከአንደኛው ዘንድ ሄድኩና ከዕቃው ጋር ይቀመጥልኝ ብዬ ሰጠሁት። የማሕሌቱን ሙከራ ለአንድ ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ ሰማ። ከዚያም ቀና አለና፣ «ጋሼ፣ ይሄ ከመዝሙር ነው ከዘፈን የሚገባው?» አለኝ። ተከራከርን። አንድ ሜሞሪ ሊያስጭን የመጣ ገበሬም ገባበት፤ «ቃል ከሌለው በምን ለያችሁት?» አለ። በመጨረሻ ልጁ አዲስ ፎልደር ከፍቶ በእማሆይ ስም ሰየመው።