«ተጽዕኖ» ሲባል፦ ስለ ኮንፊሺየስ ተቋማት የሕዝብ አመለካከት በሚደረጉ ጥናቶች ላይ የቀረበ ሒስ

የአፍሪካ የመጀመሪያው ኮንፊሺየስ ተቋም በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተበት ከ2005 ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሕዝቡ በቻይና መንግሥት ገንዘብ የሚሰጠውን የቋንቋ ትምህርት እንዴት እንደሚያየው የሚጠይቁ ጥናቶች በአካባቢያችን በርክተዋል። አካሄዳቸው ይመሳሰላል። በተቋሙ ለሚማሩ መጠይቅ ይታደላል፤ መላሾቹ «በጣም እስማማለሁ» ከሚለው እስከ «በፍጹም አልስማማም» ባሉት ሣጥኖች ላይ ምልክት ያደርጋሉ፤ መደምደሚያውም የቻይና «ለስላሳ ኃይል» ሠርቷል ወይም አልሠራም የሚል ይሆናል። የተጠየቀው ሰው ቀድሞ ለመማር የተመዘገበ፣ ምናልባትም የነጻ ትምህርት ዕድል የሚጠባበቅ መሆኑ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጠቅሶ ይታለፋል። ይህን የናሙና ጉድለት ማንም ሊያየው ይችላል። ለቋንቋ አጥኚ የሚከብደው ሌላ ነው፤ የሚለካው ነገር ራሱ በየትኛው ቃል ተጠየቀ?

የጥናቶቹ መነሻ ሐሳብ በአብዛኛው የተወሰደው ከሰሜን አሜሪካና ከአውሮፓ ክርክር ነው። በ2014 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ማኅበር ዩኒቨርሲቲዎች ከተቋማቱ ጋር ያላቸውን ውል እንዲያቋርጡ ወይም እንዲያሻሽሉ ጠየቀ፤ በዚያው ዓመት የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ከመቶ የሚበልጡ መምህራኑ ፊርማ ካሰባሰቡ በኋላ የራሱን ተቋም ዘጋ። ስዊድን እስከ 2020 ድረስ ሁሉንም ዘግታለች። የክርክሩ እምብርት ግልጽ ነበር። የብሪቲሽ ካውንስልም ሆነ የጎተ ተቋም ከመንግሥት ገንዘብ ያገኛሉ፤ የሚሠሩት ግን በራሳቸው ግቢ ነው። የኮንፊሺየስ ተቋም በአስተናጋጁ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለሚቀመጥ መምህሩን ማን ይመርጣል፣ ስለ ታይዋን ወይም ስለ ቲቤት የሚጠይቅ ተማሪ ምን መልስ ያገኛል የሚሉ ጥያቄዎች በቀጥታ ዩኒቨርሲቲውን ይነኩታል። በ2020 ሃንባን የሚባለው ማዕከል ስሙ ተለውጦ የተቋማቱ አስተዳደር በወረቀት ወደ አንድ ፋውንዴሽን ቢዛወርም ጥያቄው አልተዘጋም። ይህ ሥጋት ለአዲስ አበባም ሆነ ለካምፓላ ባዕድ አይደለም። ሆኖም በእኛ ዘንድ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ይሁን አይሁን ሳይመረመር መጠይቁ ውስጥ ገብቷል።

የመንግሥት ገንዘብ ያለበት የቋንቋ ትምህርት ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። ከ1962 ጀምሮ የአሜሪካ ፒስ ኮር ፈቃደኞች በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛና ሌሎች ትምህርቶችን አስተምረዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የተማሪው እንቅስቃሴ ፒስ ኮርን ራሱን ከተቃወማቸው ነገሮች አንዱ አደረገው፤ ተቃውሞውንም አብዛኛውን ጊዜ የጻፈው በእንግሊዝኛ ነበር። ቋንቋ መማርና ገንዘብ ሰጪውን መውደድ ተያይዘው ይሄዳሉ የሚለው ግምት ከዚህ ታሪክ ጋር መጋጠም ነበረበት።

ወደ ቃሉ እንመለስ። እንግሊዝኛው ስለ ቻይና የሚጠይቅበትን ቃል በአማርኛ ለመተካት ቶሎ የሚመጣው «ተጽዕኖ» ነው። «ተጽዕኖ» ከጭነት ጋር ዘመድ ነው፤ ጫና የሚለውን ትርጉም በዕለታዊ ንግግር አልተወም። «የቻይና ተጽዕኖ መልካም ነው ወይስ መጥፎ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ግማሹን መልስ ከጥያቄው ውስጥ ይሰማል። በኪስዋሂሊ «ኡሻዊሺ» የሚለው ቃል ደግሞ ወደ ማግባባትና ወደ ማባበል ያዘነብላል። ሁለቱ ቃላት በአንድ ሠንጠረዥ ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ የአዲስ አበባና የናይሮቢ መላሾች ለተለያየ ጥያቄ የሰጡት መልስ እንደ አገር ልዩነት ይነበባል። «አመለካከት» ራሱም እንዲሁ ነው፤ የጸና አቋምን እንጂ ሰው ትናንት አይቶ ዛሬ የሚናገረውን ስሜት አይገልጽም። በአንጻሩ «የቻይና ነው» የሚለው፣ የዕቃን ጥራት ዝቅ አድርጎ የሚናገረው የገበያ አባባል በየትኛውም ሣጥን አይሞላም፤ ብዙ የሚናገረው ግን እሱ ነው።

ከእነዚህ ጥናቶች ሁሉ የተሻለው መለኪያ የአፍሮባሮሜትር ነው፤ መላሹን በሚናገረው ቋንቋ ይጠይቃል፣ ናሙናውም ከሕዝቡ እንጂ ከመማሪያ ክፍል አይወሰድም። በ2019 እና በ2020 ኢትዮጵያን፣ ኬንያንና ኡጋንዳን ጨምሮ በ18 አገሮች ለወጣቶች ከሁሉ የሚጠቅመው ዓለም አቀፍ ቋንቋ የትኛው እንደሆነ ሲጠይቅ 71 ከመቶው እንግሊዝኛን፣ 2 ከመቶው ብቻ ቻይንኛን መርጠዋል። ይህን አኃዝ የተቋማቱ ሽንፈት አድርገው የጠቀሱ አሉ። ጥያቄው ግን አንድ ብቻ ምረጡ ይላል፤ በብዙ ቋንቋ የሚኖር ሕዝብ ደግሞ እንዲህ አይመርጥም። እንግሊዝኛን ለትምህርት፣ አማርኛን ለቢሮ፣ ኦሮምኛን ለገበያ የያዘ ወጣት ቻይንኛን ለአንድ ሥራ ብቻ ሊፈልገው ይችላል።

ያ ሥራ በሚገኝበት ቦታ ቋንቋው ምን እንደሚመስል ያሳየች ሚርያም ድሪሰን ናት። በ2020 «አፍሪካን አፌርስ» በተባለው መጽሔት ባወጣችው ጥናት፣ በቻይና ኩባንያዎች የመንገድ ሥራ ላይ በኢትዮጵያውያን ሠራተኞችና በቻይናውያን አለቆች መካከል የተፈጠረውን ቅይጥ መግባቢያ ትመረምራለች። ሠራተኞቹ በዚህ ንግግር ይቀልዳሉ፣ አለቃቸውን ይሸነግላሉ፣ የትእዛዝን ኃይል ያለዝባሉ። አንድም ክፍል ውስጥ ያልተማሩ፣ የምስክር ወረቀት የሌላቸው ሰዎች ናቸው። በአመለካከት ጥናቶች ውስጥ የሉም። ስለ ቻይንኛና ስለ ቻይና ሰዎች ምን እንደሚያስቡ ግን በየቀኑ በአፋቸው ይሠሩታል፤ የድሪሰን ጥናት ዋጋም አመለካከትን ከንግግሩ ውስጥ ማንበቧ ነው።

በክፍሉ ውስጥም ቢሆን የተዘለለ ነገር አለ። የመማሪያ መጻሕፍቱ ማብራሪያ በአብዛኛው እንግሊዝኛ ነው፤ አስቸጋሪ የሚባለውም ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ የሚያስቸግረው ነው። ማንዳሪን አራት ቃናዎች አሉት። የጊኩዩና የዶሉዎ ተናጋሪ በቃና ፍቺ መለየትን ከእናቱ ተምሮታል፤ አምስት ደረጃ ቃናዎችና አንድ ወጪ ቃና ያሉት የቤንች ቋንቋ ተናጋሪማ የማንዳሪንን ቃና ብዛት ሲሰማ ፈገግ ቢል አይፈረድበትም። የአማርኛ ተናጋሪ ችግር ደግሞ ሌላ ነው። አማርኛ «ድ»ን፣ «ት»ን እና ጉሮሮ ተዘግቶ የሚፈነዳውን «ጥ»ን ይለያል፤ ማንዳሪን በዚያ ቦታ የሚለየው ትንፋሽ ያለውንና የሌለውን ብቻ ነው። «ትልቅ» የሚለው የቻይንኛ ቃል በላቲን ፊደል በ«ዲ» ስለሚጻፍ ተማሪው «ዳ» ብሎ ያነባል፤ ድምፁ ግን ከአማርኛው «ድ» ጋር አይገጥምም። «ኪው» የተባለው ፊደል የባሰ ነው። በስልኩ አማርኛን በላቲን የሚጽፍ ወጣት በእርሱ «ቀ»ን ስለሚጽፍ ችንግዳዎ የተባለችው የወደብ ከተማ በአንደበቱ «ቂንግዳዎ» ትሆናለች። ይህ ተማሪ «ቻይንኛ ከባድ ነው» በሚለው ሣጥን ላይ ምልክት ሲያደርግ አጥኚው የባህል መራራቅ ብሎ ይተረጉምለታል። ምክንያቱ አማርኛን መነሻው ያደረገ ማብራሪያ አለማግኘቱ ሊሆን ይችላል፤ ያንንም ለማዘጋጀት ከአማርኛ ሥነ ድምፅ አዋቂዎች ይልቅ የቀረበ ሰው የለም።

በትምህርት ቤቶች ዘንድ ያለው ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። የኬንያ ሥርዓተ ትምህርት ተቋም በጥር 2019 ማንዳሪን ከ2020 ጀምሮ በአንደኛ ደረጃ እንደሚሰጥ አስታወቀ። ኡጋንዳም በዚያው ሰሞን በተመረጡ 35 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለማስተማር ተነሣች። በደቡብ አፍሪካ ማንዳሪን በአማራጭነት ሲገባ የመምህራን ማኅበሩ አዲስ ቅኝ ግዛት ነው ብሎ ተቃውሞ ነበር። ተቃውሞው በቃላት ደረጃ ቻይናን ይናገር እንጂ ውስጡ ሌላ ስሌት አለ፤ የማንዳሪን ክፍለ ጊዜ መምህሩንና መጽሐፉን ከውጭ ይዞ ሊመጣ ይችላል፣ የአካባቢው ቋንቋ ክፍለ ጊዜ ግን መምህሩን ከትምህርት ሚኒስቴሩ በጀት መጠበቅ አለበት። ባዶ የቆየን ቦታ ቀድሞ የሚይዘው ተከፍሎት የመጣው ነው። ለዚህ ቻይናን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው፤ ቦታውን ባዶ ያቆየው ግን ማንም የውጭ መንግሥት አይደለም። ሕዝቡ ስለዚህ ምን ያስባል ብሎ የሚጠይቅ ጥናት፣ «ማንዳሪንን ትወዳለህ?» ከማለቱ በፊት ልጁ በትምህርት ቤቱ የሚማረው የእናቱ ቋንቋ መምህር አለው ወይ ብሎ ቢጀምር ይሻላል። የኡጋንዳ ካቢኔ በሐምሌ 2022 ኪስዋሂሊን የሥራ ቋንቋ አድርጎ ሲያጸድቅ በትምህርት ቤቶችም እንዲሰጥ ወስኗል፤ የዚያ መምህር ደመወዝ የሚወጣው ከኡጋንዳ ግምጃ ቤት ነው።