በመካከሉ ዘመን መዘመር፦ የተስፋዬ ጋቢሶ መዝሙሮችና የዛሬው መድረካችን

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የካዛንቺስ ቤቶች ሲፈርሱ፣ በየሳምንቱ የማስተምርበት የቤት ኅብረትም ተበተነ። በመጨረሻው ስብሰባችን ላይ ግማሹ ሰው ዕቃውን አስሮ ነበር። ወጣቱ የዝማሬ መሪ ስለ ድልና ስለሚከፈት በር የሚናገር አዲስ መዝሙር ጀመረ። አፋችን ዘመረ፤ ልባችን ግን አልተከተለም። ጸጥ ባልን ጊዜ አንዲት እናት ከተቀመጡበት ሳይነሡ ከተስፋዬ ጋቢሶ የስደተኛነት መዝሙሮች አንዱን አነሡ። ያለ መሣሪያ እስከ መጨረሻው ዘመርነው፤ ብዙዎቻችን እያለቀስን።

ከዚያ ምሽት ወዲህ አንድ ጥያቄ አልተወኝም። በደርግ ዘመን የተገጠመ መዝሙር ለዚያች ክፍል የሚሆን ቃል ሲኖረው፣ ትናንት የወጣው ለምን አጣ?

ዘመኑን እናስታውስ። ከዚያው ሰፈር ብዙም በማይርቀው ኡራኤል፣ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ቄስ ጉዲና ቱምሳ በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን አገልግለው ሲወጡ ከባለቤታቸው ጋር ታፈኑ፤ እርሳቸውም ተገደሉ። በ1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋች። ከደቡብ ኢትዮጵያ የተነሡት ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶም እምነታቸውን አንክድም ካሉት መካከል ሆነው ሰባት ዓመት ታሰሩ። በእስር ቤት ሆነውም መዝሙር መግጠም አላቆሙም። ካሴቶቻቸው ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጡ፣ የጸሎት ቤት በተዘጋበት አገር የጸሎት ቤት ሆኑ።

ይሁን እንጂ የእነዚህን መዝሙሮች ዋጋ በእስሩ ብቻ የምንለካ ከሆነ እንሳሳታለን። የታሰረ ሁሉ መልካም መዝሙር አልጻፈም። ሊላ ባሊስኪ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት መዝሙሮቹን በሦስት ቃላት ያዩአቸዋል፦ ባቢሎን፣ መካከለኛው ጊዜና ጽዮን። እኔ ጥንካሬያቸው በመካከለኛው ላይ ነው እላለሁ። ዘማሪው ባቢሎንን ትንሽ አድርገው አያሳዩም፤ ጽዮንንም ነገ ጠዋት እንደምንገባባት አይሰብኩም። በሁለቱ መካከል የቆመ ሰው የሚናገረውን ቋንቋ ይሰጡናል፤ ያቃስታል፣ ይጠይቃል፣ ግን አይክድም።

የዳንኤል ምዕራፍ 3ን ታሪክ እንመልከት። የሦስቱ ወጣቶች እምነት ከእሳቱ በመውጣታቸው ላይ የቆመ አይደለም፤ ባይድኑም እንኳ ለምስሉ ላለመስገድ ቈርጠዋል። ተስፋዬ የያዙት ይህንን የ«ባይሆንም» እምነት ነው። ብዙ የዛሬ መዝሙሮቻችን ግን ታሪኩን ከእሳቱ በመውጣት ይጀምሩታል። የድል መዝሙር መጽሐፍ ቅዱሳዊ ነው፤ ችግሩ ሌላ መዝሙር ማጣታችን ነው።

የአማርኛ አድማጭ በሰምና በወርቅ ስለሠለጠነ፣ በዚያ ዘመን ባቢሎን ሲባል ማን እንደሆነ ማንም አይነግረውም ነበር። ነገር ግን ባቢሎን ደርግ ብቻ ቢሆን ኖሮ መዝሙሮቹ በ1983 ዓ.ም. ከደርግ ጋር ባበቁ ነበር። ያልሞቱት ወርቁ ከመንግሥታት ሁሉ የሚጠልቅ ስለሆነ ነው፤ የሰው ልጅ በምድር ላይ እንግዳ ነው። ዜማውም ለዚህ ያግዛል። ከቅኝታችን የወጣና ቀለል ያለ ስለሆነ ጉባኤው ያለ ድምፅ ማጉያ ይይዘዋል። መብራት ሲጠፋ የማይዘመር መዝሙር በእስር ቤትም በፈረሰ ሰፈርም አያገለግልም።

አንድ ነቀፌታ ግን አለኝ፤ ከዘማሪው ይልቅ ወደ እኛ ወደ አስተማሪዎቹ ያዘነብላል። የእንግድነት መዝሙር ብቻውን ሲዘመር፣ የሚፈርሰው የጎረቤት ቤት የማይመለከተን ያስመስላል። በመዝሙር 137 በባቢሎን ወንዞች አጠገብ ያለቀሰው ሕዝብ፣ በኤርምያስ 29 የከተማይቱን ሰላም እንዲፈልግ ታዟል። በካዛንቺስም አብረን ካለቀስን በኋላ ጎረቤቶቻችንን ዕቃ ማሸከም ነበረብን። እውነቱን ለመናገር፣ አንዳንዶቻችን አልቅሰን ወደ ቤታችን ሄድን። እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርኩ።

ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ በተለይ መድረክ በአደራ የተሰጠህ መጋቢና ነገ የሚሰጥህ ተማሪ፣ ተስፋዬ ጋቢሶን የትዝታ ፕሮግራም ማድመቂያ አታድርጋቸው። ከመዝሙሮቻቸው አንዱን ምረጥና ዜማውን ትተህ ግጥሙን ብቻ ለጉባኤው አንብብ። ማን ለማን ይናገራል? ሕመሙ በስሙ ተጠርቷል? ተስፋው በምን ላይ ቆሟል? ከዚያ በዚህ ሳምንት የምትዘምሩትን አዲስ መዝሙር በእነዚሁ ጥያቄዎች መርምር። ያለፈ ይለፍ፤ የወደቀ ቢኖር ጸሐፊውን ወጣት ሳታሳፍር አስጠርተህ አነጋግረው። ምናልባት የሚጎድለው ተሰጥኦ ሳይሆን፣ እያቃሰተ እንዲዘምር የፈቀደለት መጋቢ ነው።

ያቺ እናት አሁን የሚኖሩት ከከተማው ዳር ነው። አዲስ ኅብረት በቤታቸው እንደ ጀመሩ ሰምቻለሁ። መሣሪያ የላቸውም፤ መዝሙር ግን አላቸው።