ጠበቅ ያለ ክዳን

ውስጡን የሚያሳይ የፕላስቲክ ዕቃ ነው። ክዳኑ ተሽከርክሮ የሚገጥም፣ ውስጡ ሦስት ብስኩት። አፉን በቅጡ ያልፈታ የሁለት ዓመት ልጅ ብስኩቱን ያየዋል፤ ክዳኑ ግን ለእጁ አይበገርም። ዕቃውን አንስቶ ለእናቱ ይሰጣታል። ንግግሩ እዚህ ላይ ተጀምሯል።

ክዳኑ ቢላላ ልጁ ራሱ ይከፍተዋል፤ መናገር አያስፈልገውም። ዕቃው ጓዳ ቢቀመጥ አያየውም፤ ስለዚህ አይጠይቅም። ዓይን የሚደርስበት፣ እጅ የሚያቅተው መሆን አለበት። ልኩ ይኼ ነው።

አሠራሩ በአሜሪካ ናሽቪል ከተማ፣ በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ አን ካይዘርና ባልደረቦቿ ለብዙ ዓመታት ሲያበጃጁት ከኖሩት የቋንቋ ማስተማሪያ መንገድ የተወሰደ ነው። መጠሪያው ኢንሃንስድ ሚሊዩ ቲቺንግ ይባላል። የንግግር ቴራፒስቷ እናትየዋን ታሠለጥናለች፤ ልጁን የምትረዳው እናቱ ናት።

ዕቃው እጇ ከገባ በኋላ እናት መጀመሪያ የምታደርገው ዝም ማለት ነው። ከልጁ ዓይን ጋር እኩል ዝቅ ብላ ትቀመጣለች፤ ታየዋለች፤ በሆዷ እስከ አምስት ትቆጥራለች። ዝምታው ካጠረ ልጁ ቃሉን ለማውጣት ጊዜ አያገኝም፤ ከረዘመ ያለቅሳል። ካልተናገረ፣ «ምን ላድርግ?» ትላለች። ቀጥሎ፣ «ልክፈት ወይስ ልዝጋ?» በመጨረሻም፣ «‹ክፈቺልኝ› በል።» እያንዳንዱ እርከን ካለፈው ጥቂት የበለጠ ያግዛል። አለም አላለም ግን መጨረሻ ላይ ክዳኑ ይከፈታል፤ ምግቡ መያዣ አይደለም።

ከከፈተች በኋላ የምትሰጠው አንድ ብስኩት ነው። ክዳኑን መልሳ ታጠብቃለች። የቀሩት ሁለቱ ልጁን ሁለት ጊዜ ይመልሱታል።

የቃሉም መጠን እንዲሁ በልክ ነው። ልጁ «ኳስ» ካለ እናት «ኳሱ ገባ» ትላለች። የእሱን ቃል ትይዛለች፣ አንድ ትጨምራለች። «ኳሱ ተንከባሎ ከአልጋው ሥር ገባብህ አይደል?» ብትለው የራሱን ቃል ከመሐሉ ፈልጎ ማግኘት ይቸግረዋል።

አሠልጣኞቹ ይህንን ይቆጥራሉ። ልጁ ሊግባባ ከሞከረበት ከመቶ ሰማንያው መልስ ማግኘት አለበት። ከተናገረው ከመቶ አርባው በአንድ ቃል ወይም በትንሽ ይሰፋለታል። ከእናትየዋ ንግግር ግማሹ ልጁ ሊደርስበት በሚችለው ርዝመት ይሆናል። ቀሪው ግማሽ የእናት የተለመደ ወግ ነው። እኔ በጣም የወደድኩት ይህን ግማሽ ነው፤ እናትን እናት ያደርጋታል።

እናትየዋም የምትሠለጥነው በአራት ደረጃ ነው፦ ማስረዳት፣ ማሳየት፣ ስትሠራ አጠገቧ ሆኖ ማገዝ፣ መጨረሻ ላይ የሆነውን አብሮ መለስ ብሎ ማየት። ጥበቡ ሦስተኛው ላይ ይታያል። ልጁ እየተጫወተ ነው፤ ቴራፒስቷ ረጅም ምክር ብትጀምር ጨዋታው ይፈርሳል። ስለዚህ «አሁን ጠብቂ» ትላለች፣ ሁለት ቃል ብቻ።

ሜጋን ሮበርትስና አን ካይዘር እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት ጥናት ንግግራቸው የዘገየ 97 ሕፃናትን ይዟል፤ ዕድሜያቸው ከ24 እስከ 42 ወር። ለሥልጠናው የተመደቡት ወላጆች በሦስት ወር ውስጥ 28 ጊዜ ሠለጠኑ። ወላጆቹ አነጋገራቸውን ለወጡ። ልጆቹ የሚሰሙትን በመረዳት ካልሠለጠኑት ወላጆች ልጆች በለጡ፤ በጥቅሉ በመናገር ግን አልበለጡም። ጥናቱ ይህንንም ሳይሸፋፍን ጽፎታል። በሦስት ወር ጆሮ ቀደመ፤ አፍ ገና ነበር።

ድሃ ቤት ይህን ሁሉ ለማድረግ የሚገዛው ነገር የለም። ክዳን ያለው ዕቃ፣ የገላ መታጠቢያ ውሃ፣ ጥንዱ የጠፋበት ካልሲ ይበቃል። ውድ የሆነው ነገር ሌላ ነው፦ የደከመች እናት ጊዜ። ለዚህም ሥራው ቀድሞ ባለው ሰዓት ውስጥ ይገባል፤ ስታበላ፣ ስታጥብ፣ ስታለብስ።

አሠራሩ ከቤቱ ቋንቋም ጋር መግጠም አለበት። ታቲያና ፔሬዶና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2018 ገቢያቸው ዝቅተኛ ከሆነ ስፓኒሽ ተናጋሪ ቤተሰቦች ጋር በራሳቸው ቋንቋ ሞክረውታል። እኔም አማርኛ ላይ ለክቼው አየሁ። «ክፈቺልኝ» አንድ ቃል ነው፤ ውስጡ ግን መገጣጠሚያዎች አሉት። «ቺ» ከፋቿ ሴት መሆኗን ይናገራል፤ «ል» ለሰው የሚደረግ መሆኑን፤ «ኝ» ያ ሰው እኔ መሆኔን። እናት ለወንድ ልጇ ቃሉን ስታቀብለው «ክፈትልኝ» ካለች ለእሷ የማይሆን ቃል ሰጠችው። የሚሰጠው ቃል ልጁ ለእሷ ሊናገረው የሚገባው ነው።

ግሳችን ደግሞ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። እናት ኳሱን ቅርጫት አፍ ላይ ይዛ «ኳሱ…» ብላ ብትቆም ክፍት የቀረችው ቦታ የግሱ ናት። ልጁ «ገባ» ብሎ ሊሞላት ይችላል።

በውጭ አገር የሚኖሩ ወላጆች «አማርኛውን ተዉት፣ ልጁ ግራ ይጋባል» ሲባሉ ይሰማል። ሁለት ቋንቋ መስማት የንግግር መዘግየት አያመጣም። እናት በልክ ማሳጠርና ማስረዘም የምትችለው አሳምራ የምታውቀውን ቋንቋ ነው።

ሁለት ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል አጋጥሞ የማይናገር ልጅ ካላችሁ አስቀድሞ ጆሮው ይመርመር፤ ባለሙያም ይየው። እስከዚያው ክዳኑን ጠበቅ አድርጉና ለልጁ ስጡት። መልሶ ሲያመጣላችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ።