ሚዛን ስለ ጐደለው ልውውጥ፤ ከቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች እስከ ውጫሌ ውል

በአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ቡድኖች ዘንድ ተጫዋችን በተጫዋች መለወጥ የቆየ ልማድ ነው። ከልውውጦቹም አንዳንዶቹ «ሚዛን የጐደላቸው» እየተባሉ ዘወትር ይተቻሉ። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ይህ ፍርድ በምን መለኪያ እንደሚሰጥ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

በ1948 ዓ.ም. የሴንት ሉዊስ ቡድን ቢል ራስልን የሚያስገኘውን የምርጫ ተራ ለቦስተን ሰጥቶ ኤድ ማኮሌይንና ክሊፍ ሄገንን ተቀበለ። ቦስተን ከራስል ጋር በ13 የውድድር ዘመን 11 ጊዜ አሸናፊ ስለ ሆነ፣ ብዙ ተቺዎች ሴንት ሉዊስን እንደ ሞኝ ነጋዴ ይቈጥሩታል። ነገር ግን ሴንት ሉዊስ እነዚህን ሁለት ሰዎች ይዞ በ1950 ዓ.ም. ቦስተንን ራሱን አሸንፎ ዋንጫውን ወስዷል። ስለዚህ ትርፉ እኩል አልነበረም ማለት ይቻላል፤ አንዱ ሌላውን አታለለ ማለት ግን አይቻልም።

ይህን ልዩነት ይዘን ወደ አገራችን እንመለስ። ከሐይቅ እስጢፋኖስ ወደ ሰሜን ሲጓዙ በአምባሰል ውጫሌ ይገኛል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚያ የተፈረመው ውል ሲነሣ ክርክሩ ሁሉ በ17ኛው አንቀጽ ላይ ያርፋል። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ እንደሚችሉ ሲናገር፣ ኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ይህ በእኛ አስተያየት ሚዛን የጐደለው ልውውጥ አይደለም፤ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ነገር አልተስማሙምና።

እውነተኛው ልውውጥ በሌሎቹ አንቀጾች ነው። በ3ኛው አንቀጽ ሐላይ፣ ሰገነይቲና አስመራ በኢጣልያ ወሰን ውስጥ ገቡ። በ6ኛው አንቀጽ ደግሞ ለዐፄ ምኒልክ የጦር መሣሪያ በምጽዋ በኩል እንዲያልፍ ተፈቀደ። ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ ገና ሁለት ወር አልሞላም ነበር፤ ዙፋኑም ተቀናቃኝ ነበረበት። በዚያች ቀን ሚዛን ቢታይ መሣሪያው ከባድ ዋጋ ነበረው። ሆኖም ከዐድዋ ድል በኋላ፣ በጥቅምት 1889 ዓ.ም.፣ የውጫሌ ውል ሲሰረዝ የ17ኛው አንቀጽ ተንኰል አብሮ ፈረሰ፤ አስመራ ግን በኢጣልያ እጅ ቀረች።

እዚህ ላይ ተቺዎች የሚዘነጉት ሦስተኛ ወገን አለ፤ እርሱም የሚለወጠው ራሱ ነው። በ1967 ዓ.ም. ከሪም አብዱልጀባር ከሚልዋኪ ወደ ሎስ አንጀለስ በአራት ተጫዋቾች ሲለወጥ፣ ልውውጡ ለሚልዋኪ ኪሳራ ነው ቢባልም፣ ልውጠኝ ብሎ የጠየቀው እርሱ ራሱ ነበር። የሐላይንና የሰገነይቲን ሰው ግን ማንም አልጠየቀውም።

እንግዲህ ስለ ልውውጥ የሚጽፍ ሰው ሦስት ነገር ለይቶ ቢጠይቅ መልካም ይመስለናል፤ ሁለቱ ወገኖች የተስማሙት በአንድ ቃል ነውን? በዚያች ቀን ምን ያውቁ ነበር? የተለወጠውስ ተጠይቋልን? የውጫሌን ውል በ17ኛው አንቀጽ ብቻ የሚመዝን ጽሑፍ የመጀመሪያውን ጥያቄ ብቻ መልሶ ያቆማል።