ዘይት ያልሆነው «ዘይት»፦ በእጃችን ስላለው የፍሬንና የፍሪሲዮን ጽሑፍ

በዚህ እትም የምንተቸው ልቦለድ ወይም ግጥም አይደለም። እዚህ ካኩማ በሙያ ክፍሎቻችን ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር፣ በፎቶ ኮፒ የተባዛ ሰባት ገጽ ጽሑፍ ነው። የሞተር ብስክሌትን የፍሬንና የፍሪሲዮን ዘይት ጋራዥ ሳይሄዱ ቤት ውስጥ እንዴት መቀየር እንደሚቻል ያስተምራል። ማን እንደተረጎመው አልተጻፈበትም። «ደግሞ ይሄም ይተቻል እንዴ?» የሚል አይጠፋም። እኛ ግን ይተቻል እንላለን። ግጥም ቢበላሽ አንባቢ ያዝናል፤ ይህ ሲበላሽ ግን ፍሬን አይዝም።

አስቀድመን ምስጋናውን እንስጥ። የእንግሊዝኛውን መመሪያ እያዩ ይጨነቁ ለነበሩ ተማሪዎቻችን ነገሩን በአማርኛ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ሥዕሎቹ ግልጽ ናቸው። ቅደም ተከተሉም ትክክል ነው፦ ክዳኑን ጠርገህ ክፈት፣ አሮጌውን በሲሪንጅ ቅዳ፣ አዲሱን ሙላ፣ ከታች ካለው የአየር ማስወጫ ቡሎን ላይ ቀጭን ቱቦ ሰካ፣ እጀታውን ጨብጥ፣ ቡሎኑን ፍታ፣ ዝጋ፣ ከዚያ እጀታውን ልቀቅ። «ከመልቀቅህ በፊት ዝጋ» የሚለውን ሦስት ጊዜ ደጋግሞታል። መደጋገሙ ልክ ነው። ቡሎኑ ሳይዘጋ እጀታው ከተለቀቀ አየር ወደ ውስጥ ይሳባል፣ የተለፋበትም ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ማጠራቀሚያው በመሀል እንዳይደርቅ ማስጠንቀቁም ጥሩ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከርዕሱ ነው፤ «ዘይት» ከምትለው ቃል። እርግጥ ቃሏን ተርጓሚው አልፈጠራትም። አገር ቤትም ሆነ እዚህ ጋራዥ ውስጥ ሁሉም «የፍሬን ዘይት» ይላል፣ እኛም እንላለን። መካኒኩ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃልና አይሳሳትም። ወረቀቱን ይዞ ብቻውን ቤቱ የተቀመጠ ተማሪ ግን ከቃሉ በቀር ሌላ መሪ የለውም። ጽሑፉ በሰባት ገጽ ውስጥ አንድም ቦታ «ይህ ዘይት የሞተር ዘይት አይደለም» አይልም።

ውጤቱን አይተነዋል። ከተማሪዎቻችን አንዱ፣ የፊት ፍሬኑ በዲስክ የሚሠራ ሞተር ያለው፣ ጽሑፉን ደረጃ በደረጃ ተከትሎ በመጨረሻ የሞተር ዘይት ሞላበት። ስንጠይቀው «መምህር፣ ዘይት ዘይት ነው ብዬ እኮ ነው» አለን። የሞተር ዘይት ከነዳጅ የተገኘ ነው። ዶት 3፣ ዶት 4 እና ዶት 5.1 የሚባሉት የፍሬን ፈሳሾች ግን ከግላይኮል ወገን ናቸው፤ በፍሬኑ ውስጥ ያሉት ጎሚኒዎችም የሚስማሙት ከእነሱ ጋር ነው። የነዳጅ ዘይት ሲነካቸው ያብጣሉ። የልጁም አበጡ፤ ፍሬኑ ይዞ አልለቅም አለ። ደግነቱ ቀስ ብሎ ይሄድ ነበርና እሱ ተርፏል። አዳዲስ ጎሚኒዎች ከሎድዋር እስኪመጡ ግን ሞተሩ ቆመ፣ የዕለት ገቢውም ቆመ። ልጁን ሰነፍ ያሉት ነበሩ። እኛ አንልም። ያነበበውን በትክክል ፈጽሟል።

ሁለተኛው ጉድለት ጽሑፉ ማዘዝ እንጂ ምክንያት መስጠት አለመውደዱ ነው። «በየሁለት ዓመቱ ቀይር» ይልና ያልፋል። ለምን? ይህ ፈሳሽ ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መፍላት የለበትም። 3.7 በመቶ ያህል ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ፍሬን በተደጋጋሚ ሲያዝ ይግላል፤ ፈሳሹ ከፈላ እንፋሎት ይፈጥራል። እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ይጨመቃል፣ እጀታው ማኑብሪዮው ድረስ ይሄዳል፣ ሞተሩ ግን አይቆምም። ይህን የተረዳ ሰው ፈሳሹን በጊዜው ይቀይራል። ምክንያቱ ያልተነገረው ትእዛዝ ግን ገንዘብ ያጠረ ቀን መጀመሪያ የሚተው እሱ ነው።

«የታሸገ አዲስ ቆርቆሮ ብቻ ተጠቀም፣ የተረፈውን አስወግድ» የሚለውም እንደዚሁ ነው። ትእዛዙ ልክ ነው፤ ተከፍቶ የከረመ ቆርቆሮ ውሃ ጠጥቷል። ግን ለአንድ ቆርቆሮ ሦስት ሰው በሚያዋጣበት ሰፈር ማን ነው ግማሹን የሚደፋው? ምክንያቱን ብንነግራቸው ተማሪዎቹ ራሳቸው መላውን ይመታሉ። በክፍላችን ያየነው ይህንኑ ነው፦ ሦስቱ ባለሞተሮች አንድ ቀን ተቀጣጥረው፣ ቆርቆሮውን አንዴ ከፍተው፣ በዚያው ጨረሱት።

ሦስተኛ፣ ጽሑፉ ስለየትኛው ሞተር እንደሚናገር አይገልጽም። ቦክሰር 100 ያለው ተማሪ ማጠራቀሚያውን ግማሽ ቀን ቢፈልግ አያገኘውም። የፊቱም የኋላውም ፍሬን በታምቡር ነው፣ ፍሪሲዮኑም በካቦ ነው፤ የሚቀየር ፈሳሽ የለም። ብዙዎቹ ትናንሽ ሞተሮች፣ ፍሬናቸው ዲስክ ቢሆን እንኳ፣ ፍሪሲዮናቸው በካቦ ነው። ፍሪሲዮናቸው በፈሳሽ የሚሠራ ሞተሮችም ቢሆኑ ሁሉም አንድ ዓይነት አይፈልጉም። አብዛኞቹ እንደ ፍሬኑ ዶት 4 ይላሉ፤ አንዳንድ የኬቲኤም ሞተሮች ግን ለፍሪሲዮኑ ልዩ የማዕድን ዘይት ነው የሚጠይቁት። «ለሁለቱም ያንኑ ሙላ» ማለት ስለዚህ አደገኛ ምክር ነው። ዳኛው ክዳኑ ላይ የተጻፈው ነው።

«ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ይሻላል» የሚለው ደግሞ ጭራሽ ስሕተት ነው። ዶት 5 ከሲሊኮን የሚሠራ ሌላ ፈሳሽ ነው፤ ከዶት 4 ጋር አይቀላቀልም። ዶት 5 እና ዶት 5.1 በስም ቢቀራረቡም በዘር አይገናኙም።

በመጨረሻ «ቤት» የሚለውን ቃል እንይ። ጽሑፉ የሚያውቀው ቤት የሲሚንቶ ወለል፣ መብራትና የሚዘጋ በር ያለው ነው። ተርጓሚው ቋንቋውን ሲለውጥ ቤቱን ሳይለውጥ ቀረ። የእኛ ቤት አቧራ አለበት። ስለዚህ ሥራው ነፋስ ሳይነሳ በማለዳ ይሁን፣ ክዳኑም ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ ተከፍቶ አይቆይ። ፈሳሹ ቀለም ስለሚልጥ የፈሰሰውን ወዲያው በውሃ ማጠብ ያስፈልጋል። አሮጌውን «ወደ መሰብሰቢያ ማዕከል ውሰድ» ብሎ ማለፍ ለእኛ አይበቃም። ላጋው ውስጥ አይደፋ። በለስላሳ ጠርሙስ ደግሞ ፈጽሞ አይቀመጥ፤ መርዝ ነው፣ የተጠማ ሕፃን አይጠይቅም። ጥብቅ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ስሙ ተጽፎበት፣ ከልጆች ርቆ ይቀመጥና ለጋራዥ ይሰጥ።

ታዲያ ይጣል ነው የምንለው? አይደለም። ያለንን ወረቀት ጥለን ባዶ እጃችንን አንቀርም። መምህራን ከማደላችሁ በፊት አንድ ገጽ ከፊት ለፊት ለጥፉበት፦ የሞተር ዘይት አይደለም፤ መጀመሪያ ሞተርህ ፈሳሽ እንዳለው እይ፤ ክዳኑን አንብብ፤ ጨርሰህ እጀታው ጠንከር ካላለ አትንዳ፤ ጠንከር ቢልም መጀመሪያ በዝግታ ሞክር። ከዚያ የአማርኛና የሙያ መምህራን ተባብራችሁ ተማሪዎቹ እያንዳንዱን ትእዛዝ «ምክንያቱም» በሚል ዐረፍተ ነገር እንዲጨርሱት አድርጉ። እኛ ሞክረነዋል። ያ የሞተር ዘይት የሞላው ተማሪ የጻፈው ከሁሉም አጭር ነበር፦ «የሞተር ዘይት አትሙላ፣ ምክንያቱም ጎሚኒው ያብጣል፣ እኔ አውቃለሁ።»

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ አበው። የሚያስተምረው ወረቀትም ከመባዛቱ በፊት መታረም ይቅደም እንላለን።