የአይጠ መጎጧ ጂንና የልብ ድርሻ፦ በአንድ የካንሰር ታሪክ አተራረክ ላይ የቀረበ ሂስ

የካንሰር ሐኪሙ ሲዳርታ ሙከርጂ እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙትና በ2011 የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘው «የበሽታዎች ሁሉ ንጉሠ ነገሥት» የተሰኘው የካንሰር ታሪክ በጤና ባለሙያዎች ዘንድ የሚወደደው ያለ ምክንያት አይደለም። የላቦራቶሪውን ሥራና የታካሚውን አልጋ በአንድ ትረካ ያገናኘ መጽሐፍ ብዙ አይገኝም። ይሁንና «ኒው» ስለተባለው ጂን የሚተርከው ክፍል፣ ውበቱ እንዳለ ሆኖ፣ ሊተች የሚገባው ጉድለት አለበት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የታሪኩ መነሻ አይጠ መጎጥ ናት። በልማዳዊ ንግግር እርሷንም ትንሿንም እንስሳ «አይጥ» ማለት የተለመደ ቢሆንም፣ እዚህ ላይ ሁለቱን መለየት የግድ ነው። እርጉዝ አይጠ መጎጦች ኤቲልናይትሮሶዩሪያ የተባለው ኬሚካል ሲሰጣቸው ልጆቻቸው በነርቭ ዕጢ ይያዛሉ። በሮበርት ዋይንበርግ ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩት ላክሽሚ ቻሮን ፓዲና ባልደረቦቻቸው፣ ከእንዲህ ዓይነቱ ዕጢ የተወሰደ ዲኤንኤ ሌሎች ሕዋሳትን ወደ ካንሰርነት ሲለውጥ 185 ሺህ ዳልተን የሚመዝን ፕሮቲን አብሮ እንደሚታይ በ1982 አስታወቁ። ፕሮቲኑ የሚገኘው በሕዋሱ ገጽ ላይ በመሆኑ አንቲቦዲ ሊደርስበት ይችላል። ሙከርጂ የሚያተኩሩት የዋይንበርግ ቡድን ይህንን ዕድል ሳያየው በማለፉ ላይ ነው። ነገር ግን ጀፍሪ ድሬቢንና ማርክ ግሪን በአይጠ መጎጧ ፕሮቲን ላይ ያነጣጠረ አንቲቦዲ የተለወጡትን ሕዋሳት ከካንሰርነት ጠባያቸው እንደሚመልስ በ1985 አሳይተዋል። መጽሐፉ ይህንን ሥራ በግርጌ ማስታወሻ አልፎታል። ቁጭቱ እንዲጎላ ማስረጃው ወደ ገጹ ግርጌ ወረደ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛው ነጥብ የአይጠ መጎጧን ጂንና የሰውን ጂን እንደ አንድ አድርጎ ማስኬድ ነው። ሁለቱ በዝምድና የቅርብ ናቸው፤ የፓቶሎጂ ውጤት ላይም በእዝባር ተያይዘው «ሄር2/ኒው» ተብለው ይጻፋሉ። ሆኖም የሚታመሙበት መንገድ ይለያያል። ኮርኔሊያ ባርግማንና ባልደረቦቻቸው በ1986 እንዳረጋገጡት፣ በአይጠ መጎጧ ጂን ላይ የተለወጠችው አንዲት ፊደል ብቻ ናት፤ በ664ኛው ቦታ ቫሊን በግሉታሚክ አሲድ ይተካል። ቦታው ፕሮቲኑ የሕዋሱን ሽፋን ሰንጥቆ የሚያልፍበት ክፍል በመሆኑ ተቀባዮቹ ያለ ቀስቃሽ ተጣምረው መልእክት ሳያቋርጡ ይልካሉ። በሰው የጡት ካንሰር ግን ዋናው ችግር የጂኑ ቅጂዎች መብዛት ነው። ዴኒስ ስላሞንና ባልደረቦቻቸው በ1987 ከመረመሯቸው 189 ዕጢዎች ይህ የታየው በ30 በመቶዎቹ ነበር። ፊደል የሚያነብ ምርመራና ቅጂ የሚቆጥር ምርመራ አንዱ በሌላው ሊተካ ስለማይችል፣ ልዩነቱ ለሐኪሙ የታሪክ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን መጽሐፉ ለካንሰሩ የሰጠውን ያህል ቦታ ለልብ አለመስጠቱ ነው። ይህ ጂን በመሠረቱ የካንሰር ጂን አይደለም፤ ጤናማ ሥራው የፅንስ እድገት ነው። ፕሮቲኑ የራሱ የሆነ የታወቀ ቀስቃሽ የለውም፤ የሚሠራው ከዘመዶቹ ጋር በመጣመር ነው። በፅንሱ ልብ ውስጥ ኒውሬጉሊን የተባለው መልእክት ከውስጠኛው ሽፋን ይነሣል፤ የልብ ጡንቻም በዚህ ጥምር ተቀባይ አማካይነት ይቀበለዋል። ጂኑ የተነሣባቸው አይጦች (እዚህ ላይ ትንሿ እንስሳ ናት) የታችኛው የልብ ክፍል ውስጣዊ የጡንቻ ዘንጎች ሳይሠሩላቸው ከ11ኛው የፅንስ ቀን በፊት እንደሚሞቱ በ1995 ታውቋል። ትራስቱዙማብ በአሜሪካ የተፈቀደው ከዚያ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1998 ነው።

በ2001 የታተመው ዋናው የሕክምና ጥናት መድኃኒቱ ከአንትራሳይክሊንና ከሳይክሎፎስፋማይድ ጋር ከተሰጣቸው ታካሚዎች 27 በመቶዎቹ ላይ የልብ ጉዳት መታየቱን ዘገበ፤ ያለ ትራስቱዙማብ 8 በመቶ ነበር። በ2002 ደግሞ ጂኑ ከልብ ጡንቻቸው ብቻ የተነሣባቸው አይጦች ሲያድጉ ልባቸው እየሰፋ እንደሚደክም፣ የልብ ሕዋሶቻቸውም በአንትራሳይክሊን ይበልጥ እንደሚጎዱ ታየ። ስለዚህ ጉዳቱን እንደ ድንገተኛ የጎንዮሽ ችግር መቁጠር ያስቸግራል። መድኃኒቱ የሚዘጋው በር የልብ ጡንቻም የሚጠቀምበት በር ነው።

ይህ ለአንባቢው ቢነገረው ኖሮ፣ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊትና በየጊዜው የልብ አልትራሳውንድ የሚታዘዝበት ምክንያት ከራሱ ከትረካው በወጣ ነበር። ዶክሶሩቢሲን የሚያደርሰው የልብ ጉዳት ከጠቅላላው መጠን ጋር እየጨመረ የሚሄድና በአብዛኛው የማይመለስ ሲሆን፣ በትራስቱዙማብ የሚመጣው ግን መድኃኒቱ ሲቋረጥ ብዙ ጊዜ የሚያገግም መሆኑም እዚያው ሊብራራ ይችል ነበር።