በልክ የተሰፋ ስታዲየም

በአሜሪካ፣ ኦሃዮ የሚገኘውን የቶሊዶ የቤዝቦል ስታዲየም ሥራ ማድነቅ የፈለገ ሰው ዓይኑን ከሳሩ ያንሳና በቀኙ ጥግ ወደ ላይ ይመልከት። እዚያ ጥቂት ረድፍ መቀመጫዎች በአሮጌ የጡብ ሕንጻ ጎን ተሸጉጠው ወደ ሜዳው ብቅ ብለዋል። «ዘ ሩስት» ይሏቸዋል፤ ቆጡ ማለት ነው። የከተማው ቡድን መድ ሄንስ (የጭቃ ዶሮዎች) የተባለው በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይጫወትበት በነበረው ሜዳ አጠገብ፣ ረግረጉ ውስጥ ይርመሰመሱ በነበሩ የውሃ ወፎች ምክንያት ስለሆነ ቆጥ ቢሠራለት አይገርምም።

ቆጡ ግን ለጌጥ ብቻ የተሰቀለ አይደለም። ጥጉ ጠባብ ነው፤ እንደ ሌላው ወገን ሰፊ መደዳ አያዘረጋም። ሕንጻውን አፍርሶ ቦታ ማስፋት ወይም ጥጉን ባዶ ትቶ ማለፍ ቀላል ነበር። ነዳፊዎቹ አሮጌውን ግድግዳ እንዳለ ተቀብለው መቀመጫዎቹን በእሱ ልክ ቆረጡ። ጎበዝ ልብስ ሰፊ የጨርቁን ጉድለት ኪስ አድርጎ እንደሚያወጣው ሁሉ፣ የማይመቸው ጥግ ስታዲየሙ የሚታወቅበት ቦታ ሆነ።

ጨዋታው ራሱ ለዚህ ዓይነት ሥራ በር ይከፍታል። የውስጡ ሜዳ ልክ ንቅንቅ አይልም፦ ከአንዱ ቤዝ እስከ ቀጣዩ 27.43 ሜትር፣ ኳስ ወርዋሪው ከሚቆምበት እስከ መቺው ሰሌዳ 18.44 ሜትር፣ የወርዋሪው ጉብታ ከፍታ ደግሞ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ወዲያ ደንቡ ይላላል። የውጭው አጥር በሁሉም ስታዲየም አንድ ዓይነት መሆን የለበትም፤ መንገዱና ግድግዳው እንደፈቀዱለት ይጠጋል፣ ይርቃል፣ ይሰበራል። ብልህ ነዳፊ የሚለየው ይህን ነጻነት ሲጠቀምበት ነው።

ቡድኑ ከ1965 እስከ 2001 (እ.ኤ.አ.) የተጫወተው ከከተማው ወጣ ብላ በምትገኘው ሞሚ፣ ከፈረስ መጋለቢያ በተለወጠ ስታዲየም ነበር። የፈረስ ግልቢያ ተመልካቹን በረጅሙ መስመር ጎን ይደረድራል፤ የቤዝቦል ተመልካች ግን መቺውን ከቅርብ ማየት ይሻል። ለአንዱ የተሠራ ለሌላው አይገጥምም። በ2002 ቡድኑ ወደ መሐል ከተማ፣ ወደ ቀድሞው የመጋዘኖች ሠፈር ሲመለስ፣ 10,300 ያህል ሰው የሚይዘው ስታዲየም ከሠፈሩ ጋር ተዛመደ። ኋላም በዙሪያው ያሉ አሮጌ ሕንጻዎች ታድሰው ጣሪያቸው ላይ ሳይቀር ጨዋታ ይታይ ጀመር። እዚያው ካሉት መጠጥ ቤቶች አንዱ የሞሰስ ፍሊትዉድ ዎከርን ስም ይዟል። ዎከር ጥቁር አሜሪካዊ ነበር፤ በ1884 ለቶሊዶ ከመቺው ጀርባ ኳስ እየቀለበ በከፍተኛው ሊግ የተጫወተው የዘር አጥሩን በመስበር የሚታወቀው ጃኪ ሮቢንሰን ከመምጣቱ 63 ዓመት ቀድሞ ነው።

ቅር የሚያሰኝ ነገር ቢኖር የበሩ ጽሑፍ ነው፤ ከሠፈሩ ጋር እንዲህ የተዋደደ ሥራ የሚጠራው በባንክ ስም፣ ፊፍዝ ተርድ ፊልድ ተብሎ ነው።

270 ሺህ ገደማ ሕዝብ ላላት ከተማ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የበዛ ሊመስል ይችላል። መድ ሄንስ ግን ከ1987 ጀምሮ የከፍተኛው ሊግ ቡድን የዲትሮይት ታይገርስ መጋቢ ነው። ደህና የመታ ወጣት በወቅቱ መሐል ተጠርቶ ወደ ዲትሮይት ይሄዳል፤ የቶሊዶ ደጋፊ የወደደውን ተጫዋች የሚሸኘው ገና በደንብ ሳይጠግበው ነው። በዚህ ደረጃ ያለ ቡድን ሰውን በኮከብ ስም ይዞ ማቆየት አይችልም። ተመልካቹ ዓመት ዓመት የሚመለሰው ወደ ወንበሩ፣ ወደሚያውቀው ግድግዳና ወደ ሠፈሩ ነው። የቡድኑ ባለቤት ሉካስ ካውንቲ፣ ማለትም የአካባቢው ሕዝብ፣ ስታዲየሙን ያሠራው ለሚያልፉት ሳይሆን እዚያው ለሚቀሩት ነው፤ የቆጡ ጥንቃቄም ለእነሱ የተከፈለ ክብር ነው።